«አልተገኘም» እና «የለም»፤ የስም ፍለጋ ትምህርታችን ሲመረመር

1. መግቢያ

ከሁለት ዓመት በፊት ለማስተማር ልምምድ የተሰማሩ ዕጩ መምህራንን ለመከታተል በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። በሪከርድ ክፍሉ ደጃፍ ተራ ከሚጠብቁት መካከል አንዲት ሴት ነበረች። በ1998 ዓ.ም. አሥረኛ ክፍልን በዚያው ትምህርት ቤት አጠናቅቃለች፤ ለሥራ ውድድር የሚያስፈልጋትን የትምህርት ማስረጃ ለመውሰድ ስትመጣ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። የሪከርድ ሠራተኛው ስሟን በኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈ፤ መሣሪያውም «አልተገኘም» ሲል መለሰ። ሠራተኛው ትሑት ሰው ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ያለውን ሲነግራት ቃሉ በአፉ ላይ ተለወጠ። «እኅቴ፣ እዚህ ትምህርት ቤት አልተማርሽም» አላት።

ሴትዮዋ የክፍል ኀላፊዋን ስም፣ የተቀመጠችበትን ረድፍ ሳይቀር ትናገር ነበር። በመጨረሻ ክርክሩን ይሰሙ የነበሩ አንድ አንጋፋ መምህር ከዕቃ ግምጃ ቤት የዓመቱን ሮስተር አስወጥተው ገለጡት። ስሟ በሰማያዊ ቀለም፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ ከነውጤቷ ሰፍሮ ተገኘ። ወረቀቱ የሚያውቃትን ተማሪ መሣሪያው አላውቃትም ብሎ ነበር።

ይህን የማነሣው ሠራተኛውን ለመውቀስ አይደለም። «አልተገኘም» የሚለውን የመሣሪያ መልስ «የለም» ወደሚል የሰው ፍርድ መለወጥን ያስተማርነው እኛ ነን ብዬ ስለማምን ነው። ከዚህ ቀጥሎ በኮሌጃችን የምንሠራበት የማስተማሪያ ሰነድ ስለ ስም ፍለጋ የሚሰጠው ትምህርት ምን እንደሚጎድለው፣ ጉድለቱ ከፊደል ኮድ ጋር ያለውን ግንኙነትና እንዴት ሊታረም እንደሚገባው ለማሳየት እሞክራለሁ።

2. ሰነዱ የሚያስተምረውና የሚያልፈው

ሰነዱ በብዙ ረገድ የሚመሰገን ነው። ሠንጠረዥ ምን እንደሆነ፣ ረድፍና ዐምድ እንዴት እንደሚለዩ፣ አንድ ተማሪ በአንድ መዝገብ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ በግልጽ ቋንቋ ያብራራል። ዕጩ መምህሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ውጤት ደምሮ፣ ደረጃ አውጥቶ፣ የሴቶችንና የወንዶችን ቁጥር ለይቶ ማቅረብ ይችላል። ይህ የሚናቅ ፍሬ አይደለም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ስለ ፍለጋ ከሚናገረው ምዕራፍ ነው። በምዕራፉ ለምሳሌነት የቀረቡት ስሞች ሁሉ በላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው። ሁሉም በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ ተመዝግበዋል። ጠያቂው አንድ ስም ይጽፋል፤ መሣሪያውም ያንኑ ስም ያወጣለታል። ካላወጣለት «ተፈላጊው በመዝገቡ ውስጥ የለም» ይላል ሰነዱ።

ዕጩ መምህሩ ተመርቆ በሚመደብበት ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ አያገኝም። የሚጠብቀው በሃያ ዓመት ውስጥ በልዩ ልዩ ሰዎች እጅና በልዩ ልዩ የመጻፊያ ፕሮግራሞች የተሞላ፣ ከፊሉ በግዕዝ ፊደል ከፊሉ በላቲን የተጻፈ፣ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲገለበጥ የኖረ ክምችት ነው። ለዚህ ክምችት የሰነዱ ደንብ አይሠራም። ከዚያም አልፎ ያሳስታል፤ የመዝገቡን ጉድለት የባለ ስሙ ጉድለት አድርጎ ያስቈጥራልና።

ሰነዱን ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ እኔ ስለ ሆንሁ ሂሱ በቅድሚያ የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ ማናችንም አልተከራከርንበትም፤ ግልጽ መስሎ ታይቶን ነበር።

3. ለመሣሪያው ፊደል ቁጥር ነው

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ኮምፒዩተር ፊደልን በቅርጹ እንደማያውቀው ማስታወስ ይገባል። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል፤ በመዝገብ የሚቀመጠውም፣ በፍለጋ ጊዜ የሚነጻጸረውም ያ ቁጥር ነው። የትኛው ፊደል የትኛውን ቁጥር እንደሚይዝ የሚወስነው ስምምነት የፊደል ኮድ ይባላል። ሁለት መዝገቦች በሁለት የተለያዩ ኮዶች የተጻፉ እንደ ሆነ፣ አንዱ ስም በአንደኛው መዝገብ አንድ ዐይነት የቁጥር ሰልፍ፣ በሌላው ደግሞ ሌላ ዐይነት ሰልፍ ይሆናል። ስለዚህ በአንደኛው ኮድ የቀረበ ጥያቄ በሁለተኛው ኮድ የተቀመጠውን ስም አልፎት ይሄዳል።

ፊደላችንን ለሌላ ጽሕፈት ከተሠራ መሣሪያ ጋር ማስማማት የቈየ ትግል ነው። ከኢንጂነር አያና ብሩ ስም ጋር ተያይዞ የሚነሣው የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ጥረት የገጠመው ችግርም ይኸው ነበር፤ የመኪናው ቁልፎች ጥቂት፣ የእኛ ፊደላት ብዙ ናቸው። መውጫው የፊደሉን ግንድና የአናባቢውን ምልክት ለየብቻ መምታት ሆነ። መልኩ ቢጎረብጥም ጽሑፉ ይነበብ ነበር፤ የጽሕፈት መኪና ሥራ አንባቢ የሰው ዐይን ነውና። ዐይን ደግሞ ፊደሉ በስንት ምት እንደ ተሠራ አይጠይቅም። በኮምፒዩተር ዘመን ግን መሣሪያው ራሱ አንባቢ ሆነ፤ ፊደሉ በምን መንገድ እንደ ተሠራም የግድ የሚጠይቅ አንባቢ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአገራችን የተስፋፉት የመጻፊያ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በአንድ ባይት በሚቀመጥ የላቲን ኮድ ላይ ነበር። ይህ ኮድ ከ256 የማይበልጡ ቦታዎች ብቻ አሉት፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ለመሣሪያው ትእዛዛት የተያዙ ናቸው። የአማርኛ ፊደል ግን 33 ግንዶች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናል። በዚህ ላይ ዲቃላ ፊደላት፣ ሥርዓተ ነጥብና 20 የግዕዝ አኀዞች ይታከሉበታል። በመሆኑም የየፕሮግራሙ ቀያሾች በየበኩላቸው መላ መቱ። ከፊሎቹ ፊደሉን በሁለት ፎንቶች ከፈሉት፤ ከፊሎቹ እንደ ጽሕፈት መኪናው ግንዱንና ምልክቱን ለየብቻ አስቀመጡ። እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች በዚያ ዘመን የብዙ መሥሪያ ቤቶችን የጽሕፈት ሥራ እንዳቃለሉ መካድ አይቻልም። ሆኖም በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ የግዕዝ ፊደላት ተቀመጡ፤ በአንዱ ፎንት «ሰ» የተቀመጠበት ወንበር በሌላው ፎንት የሌላ ፊደል ሆነ።

ለዚህ ዓለም አቀፍ መፍትሔ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለግዕዝ ፊደል ከ4608 እስከ 4991 የሚደርሱ 384 ቦታዎችን መድቦ በ345ቱ ላይ ምልክቶችን ሰየመ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጡት እትሞችም ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚፈልጓቸውን ተጨማሪ ፊደላት አካተቱ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትም አገር 4608 ነው። ይሁን እንጂ ዩኒኮድ ለወደፊቱ መንገድ ጠረገ እንጂ በቀድሞ ፎንቶች የተጻፈውን መዝገብ አልለወጠውም። መዝገቡ እንደ ተጻፈ ተቀምጧል፤ ባለ ስሞቹም ማስረጃ ለመጠየቅ እየመጡ ናቸው።

4. በአንድ «አልተገኘም» ውስጥ ያሉ ሦስት ችግሮች

የሰነዳችን ዋና ስሕተት አንድ ስም የማይገኝባቸውን ምክንያቶች አለመለየቱ ነው። ምክንያቶቹ ቢያንስ ሦስት ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

ሀ. የፎንት ችግር። በቀድሞ ፎንት የተጻፈ የስም ዝርዝር ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የልዩ ልዩ ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ነጥብ አለ። በቃላት ማቀናበሪያ በተጻፈ ሰነድ ውስጥ የፎንቱ ስም ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ጽሑፉ በየትኛው ኮድ እንደ ተጻፈ የሚመሰክር አለ። ዝርዝሩ ወደ መረጃ ቋት ሲገለበጥ ግን የሚተላለፉት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው፤ የፎንቱ ስም በመንገድ ይቀራል። ምስክሩ ከጠፋ በኋላ እነዚያን ቁጥሮች ወደ ትክክለኛው ፊደል ለመመለስ የትኛው ፎንት እንደ ነበር በግምት መፈተን ግድ ይሆናል። በፊደል ተራ መደርደርም አይቻልም፤ መሣሪያው የሚደረድረው በላቲኑ ቅደም ተከተል ስለሆነ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለው ተራ ይፋለሳል።

ለ. የንባብ ችግር። ጽሑፉ በዩኒኮድ ተጽፎም የተሳሳተ ንባብ ሊገጥመው ይችላል። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው አቀማመጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ለምሳሌ «ሰ» የሚቀመጠው 225፣ 136 እና 176 ተብሎ ነው። ተቀባዩ ፕሮግራም እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ፊደል ካነበበው ለአንዱ «ሰ» ሦስት ባዕድ ምልክቶች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ባይት ዘወትር 225 ስለሆነም በአናቱ ላይ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» በጽሑፉ ውስጥ እየተደጋገመ ይታያል። ይህን መልክ በሥራው ላይ ያልተመለከተ የሪከርድ ሠራተኛ ጥቂት ነው። በብዙ ተቋማት የሚሠራበት ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የ8.0 እትሙ እስኪወጣ ድረስ፣ በሌላ ካልታዘዘ በቀር ጽሑፍን በላቲን ኮድ ይይዝ እንደ ነበር ማስታወስ ለዚህ በቂ ማብራሪያ ነው።

በዚህ ክፍል መለየት ያለበት የሚመለሰውና የማይመለሰው ጥፋት ነው። የተዛባው ንባብ ብቻ ከሆነ ባይቶቹ እንዳሉ ስለ ሆኑ በትክክለኛው ኮድ ሲነበቡ ስሙ ይመለሳል። ፕሮግራሙ የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ተክቶ ካስቀመጠው ግን ነገሩ ተፈጽሟል፤ ስድስት የጥያቄ ምልክት የትኛው ስም እንደ ነበር ማንም ባለሙያ ሊናገር አይችልም። የቀረው ምስክር ወረቀቱ ብቻ ነው። እንዲሁም ለስም 20 ባይት ብቻ የተመደበለት ዐምድ ከስድስት የግዕዝ ፊደላት በላይ አይዝም። «ገብረመድኅን» ሰባት ፊደል ነው፤ የመጨረሻው «ን» ተቈርጦ ይቀራል፤ ሙሉውን ስም የሚጠይቅም አያገኘውም።

ሐ. የአጻጻፍ ችግር። ሦስተኛው ምክንያት ከመሣሪያው በፊት የነበረ ነው። በአማርኛ ንግግር «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፤ «ሰ» እና «ሠ»፤ «አ» እና «ዐ»፤ «ጸ» እና «ፀ» በድምፅ አይለዩም። በዩኒኮድ ግን «ሰ» 4656፣ «ሠ» 4640 ነው፤ «ጸ» 4920፣ «ፀ» 4928 ነው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል በአራት መንገድ (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ) ሊጻፍ ይችላል፤ አራተኛው በሁለት (ጸ፣ ፀ)፤ አምስተኛው በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። ስሙ ተጣምሮ ወይም ተለያይቶ ሊጻፍ መቻሉም ሌላ ሁለት ነው። እነዚህ ሲባዙ 96 ይሆናሉ። ሰሚው አንድ ስም ይሰማል፤ መሣሪያው ግን 96 የተለያዩ ሰዎችን ይቈጥራል።

የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ከዚህ አላመለጠም። ሽቦ አልባውን ስልክ የሚያስታውሰው ይህ ስያሜ በአንዱ ደብዳቤ «ንፋስ ስልክ»፣ በሌላው «ነፋስ ስልክ» ተብሎ ይጻፋል፤ አንዱ በጭረት ከላፍቶ ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላው «ን/ስ/ላፍቶ» ብሎ ያሳጥረዋል። በጥንቱ ሥርዓት ሁለት ነጥብ በቃላት መካከል የሚያኖርም አይጠፋም። ያ ሁለት ነጥብ 4961 ሲሆን ባዶው ቦታ 32 ነው። በክፍለ ከተማው ያሉ ትምህርት ቤቶችን አንድ ላይ ቈጥሮ ለማቀድ የሚፈልግ ባለሙያ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው ድምር ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ስሕተቱንም የሚነግረው የለም፤ የጐደለ ድምር ድምር መስሎ ይታያልና።

የላቲን ፊደል ተጠቃሚዎች ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርጎ የሚፈልግ ዘዴ ከፕሮግራሙ ጋር ተዘጋጅቶላቸዋል። የዩኒኮድ መደበኛ የፊደል ቅደም ተከተል ሠንጠረዥ ግን «ሀ»ን፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ይይዛል። ይህም ትክክል ነው። ግዕዝ ይለያቸዋል፤ በትግርኛም «ሀ» እና «ሐ» ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ለአማርኛ ፍለጋ የሚስማማውን ማዘጋጀት እንግዲህ የእኛ ፋንታ ነው።

5. የተለመዱት መፍትሔዎች ሲመዘኑ

ችግሩን የተረዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሦስት መፍትሔዎችን ያነሣሉ።

የመጀመሪያው ስሞችን በሙሉ በላቲን ፊደል መመዝገብ ነው። ይህ የፎንቱን ችግር ያስወግዳል፤ የአጻጻፉን ግን ያባብሰዋል። «ፀሐይ» በላቲን ሲጻፍ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ይጀመራል ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? መጨረሻው «አይ» ነው ወይስ «ዋይ»? «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ»ስ በምን ይለያሉ? በቁቤ አጻጻፍ «ጫላ» የሚለው ስም የሚጀምረው እንግሊዝኛ «ሲ» በሚለው አንድ ፊደል ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ልማድ የሚጽፈው ደግሞ «ኤች» ይጨምርበታል። አንድ ልጅ በሁለት ትምህርት ቤት ሁለት ስም ይዞ ይወጣል። ለአማርኛው ቢያንስ የተለዋዋጮቹ ፊደላት ዝርዝር ይታወቃል፤ ለላቲኑ አጻጻፍ ግን ሁሉም የሚስማማበት ልማድ እንኳ የለም።

ሁለተኛው «ፊደል ማጥራት» የሚባለው ነው። ይኸውም «ሐ»ንና «ኀ»ን በ«ሀ»፣ «ሠ»ን በ«ሰ»፣ «ዐ»ን በ«አ»፣ «ፀ»ን በ«ጸ» እየተኩ መዝገቡን በሙሉ እንደ ገና መጻፍ ነው። ፍለጋውን እንደሚያቀልለው አይካድም። ደጋፊዎቹ የሚስቱት ግን የፎንት ለውጥንና የፊደል ለውጥን አንድ አድርገው ማየታቸው ነው። በቀድሞ ፎንት የተጻፈን ስም ወደ ዩኒኮድ ማዛወር ጸሐፊው የጻፈውን መልሶ ማግኘት ነው። «ሠ»ን በ«ሰ» መተካት ግን ጸሐፊው ያልጻፈውን መጻፍ ነው። «ሠረቀ» ወጣ፣ ፈነጠቀ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ምን ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። «አመተ ማርያም» የማርያም አገልጋይ ማለት ነው፤ በ«ዓ» ሲጻፍ ግን ወደ ዘመን ቈጠራ ይዞራል። ስም የባለቤቱ ነው፤ ሪከርድ ክፍል አደራ ጠባቂው እንጂ አራሚው አይደለም።

ይህ የስሜት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር የሥራውንም ጉዳት ያስተውል። ተማሪው ቀድሞ የወሰደው ካርድና የፈተና ማስረጃ በ«ሠ» የተጻፈ ነው። መዝገቡ ከተጠራ በኋላ የሚሰጠው ማስረጃ ግን በ«ሰ» ይወጣል። ሁለቱን ወረቀቶች የሚቀበለው ቀጣሪ «ስሙ አይመሳሰልም» ብሎ ይመልሰዋል። ባለጉዳዩን ከአንድ መስኮት ለማዳን የተደረገው ለውጥ ወደ ሌላ መስኮት ይልከዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው መፍትሔ ሰውን በስም መፈለግ ትቶ በመለያ ቁጥር መፈለግ ነው። ይህ ብርቱ ሐሳብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ለወደፊቱ ብዙ ችግር እንደሚያቃልል እቀበላለሁ። ነገር ግን የ1998 ዓ.ም. ሮስተር የፋይዳ ቁጥር የለበትም። አንድ ሰው ዛሬ የያዘውን ቁጥር ከትናንት መዝገቡ ጋር ለማያያዝ መጀመሪያ መዝገቡ መገኘት አለበት፤ የሚገኘውም በስም ነው። ቁጥሩ ስም ፍለጋን ለአንድ ጊዜ ብቻ ያደርገዋል እንጂ አያስቀረውም። ያቺ አንዷ ጊዜ ከተሳሳተችም ስሕተቱ ከቁጥሩ ጋር ታስሮ ይቀመጣል።

6. ምን ይደረግ?

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው በመነሣት ለሰነዱ ማሻሻያና ለትምህርት ቤቶች አሠራር የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የኮድ ጥያቄ ከስም ፍለጋ መቅደም አለበት። አንድ የቈየ ፋይል ወደ አዲስ ሥርዓት ከመገልበጡ በፊት በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ በጽሑፍ ይመዝገብ፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። ከተዛወረ በኋላም ሠላሳ ያህል ስሞች ከወረቀቱ ሮስተር ጋር በዐይን ይመሳከሩ። ስሞቹ ሲመረጡም ዲቃላ ፊደል ያለባቸውና ረጃጅሞቹ ይካተቱ፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰበሩት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ስም በሁለት ዐምድ ይያዝ። በአንደኛው ባለቤቱ የጻፈው ስም አንድ ፊደል ሳይነካ ይቀመጣል፤ ማስረጃ የሚጻፈውም ከዚህ ዐምድ ብቻ ነው። በሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል መፈለጊያ ይዘጋጃል፤ በእርሱ ውስጥ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ይመጣሉ፤ ባዶ ቦታና ሁለት ነጥብ ይወገዳሉ። ጠያቂው የሚጽፈው ስም በዚሁ ደንብ ተለውጦ ከመፈለጊያው ጋር ይነጻጸራል። 96ቱ «ዓለምፀሐይ»ዎች ያኔ አንድ ይሆናሉ፤ በመዝገቡ ላይ ግን እያንዳንዷ እንደ ጻፈችው ትኖራለች።

ይህ ዘዴ ዋጋ እንዳለው መሸሸግ አይገባም። አንድ ሰው በተፈለገ ቍጥር ብዙ እጩዎች ይመጣሉ፤ በአባትና በአያት ስም፣ በዓመትና በክፍል እየለየ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። አንዳንዱን ደግሞ መፈለጊያው ጨርሶ አይፈታውም። «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ ወለተ ማርያምም ሊሆን ይችላል። ይህን የሚፈርደው ወረቀቱ ወይም ባለቤቱ ነው። ሆኖም ከብዙ እጩዎች መምረጥ የሚታይ ድካም ነው፤ የጠፋን ሰው እንደ ሌለ መቍጠር ግን የማይታይ በደል ነው።

ሦስተኛ፣ የመልሱ ቃል ይታረም። ፕሮግራሙ «የለም» ወይም «አልተመዘገበም» ከሚል «በዚህ አጻጻፍ አልተገኘም» ይበል። ሠራተኛውም በሌላ አጻጻፍ ሳይፈልግ፣ በቀድሞ ፋይሎችና በሮስተሩ ሳያመሳክር ለባለጉዳይ የክህደት መልስ እንዳይሰጥ በመመሪያ ይደንገግ። ከአራቱ ሐሳቦች ሁሉ አነስተኛ ወጪ የሚጠይቀው ይህ ነው።

አራተኛ፣ ዕጩ መምህሩ ይህን በተግባር ይማር። ሃያ ስሞች ያሉበት አንድ ዝርዝር ይዘጋጅለት፤ ከፊሉ በዩኒኮድ፣ ከፊሉ በቀድሞ ፎንት፣ ከፊሉ ተቈርጦ፣ ከፊሉ በልዩ ልዩ አጻጻፍ የተሞላ ይሁን። ሥራው ሃያዎቹንም ማግኘትና እያንዳንዱ ለምን ተሸሽጎ እንደ ነበር መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ በእጁ የፈለገ ሰው «አልተገኘም» የሚለውን ቃል ዳግመኛ በቀላሉ አያምነውም።

7. ማጠቃለያ

የዚያች ሴት ነገር በኋላ ሲጣራ ሁለት ችግሮች ተደራርበው ነበር። የ1998 ዓ.ም. ዝርዝር በቀድሞ ፎንት ተጽፎ ሳይዛወር ወደ አዲሱ ሥርዓት የተገለበጠ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው በዩኒኮድ የጻፈው ጥያቄ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ዝርዝሩ በትክክለኛው ፎንት ከተነበበ በኋላም ስሟ አልተገኘም። እሷ «ፀሐይ» ብላ ትጽፋለች፤ መዝጋቢው «ጸሃይ» ብሎ ነበር። የፎንቱ ችግር ተፈቶ ፍለጋው እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ፣ ሁለተኛው «አልተገኘም» ከመጀመሪያው ይልቅ የታመነ ይሆን ነበር። ችግሮቹን መለየት ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ማስረጃዋን በዚያው ዕለት፣ በሮስተሩ ላይ በሰፈረው አጻጻፍ ወሰደች። የውድድሩ መመዝገቢያ ግን ከአራት ቀን በፊት ተዘግቶ ነበር።

«ተፈላጊው በመዝገቡ ውስጥ የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከሰነዳችን እንዲወጣ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። በምትኩ እንዲገባ ያቀረብሁት አጭር ነው፦ «መሣሪያው የሚመልሰው ስለ ተጻፈው ቁጥር ነው፤ ስለ ሰውየው መመለስ ያለበት ሰው ነው»። በየትምህርት ቤቱ በሪከርድ ሥራ ላይ ያሉ ባልደረቦቼ ከዚህ የተለየ ገጥሟቸው ወይም የተሻለ ዘዴ ሞክረው ከሆነ በዚሁ መጽሔት ላይ ቢያካፍሉን ምዕራፉ ከአንድ ሰው ሐሳብ ይልቅ በብዙዎች ልምድ ይታረማል። እስከዚያው ድረስ ግን በየዕቃ ግምጃ ቤቱ ያሉት ሮስተሮች በኮምፒዩተር ተመዝግበዋል ተብለው እንዳይጣሉ አደራ እላለሁ።